የእማማ ወለተጻድቅ ሳል

ሐኪሞች ዐይነ ምድር እንዲያጠራቅም ከብርቱካን አንጀት ሠርተው ሆዷ ውስጥ ያኖሩላት ከረጢት ስለታመመ ቆርጠው አስወገዱት፤ የአንጀቷንም ጫፍ በሆዷ ቆዳ በኩል ወደ ውጭ አወጡት። ከእንግዲህ ዕድሜ ልኳን የምትጸዳዳው ሆዷ ላይ በተለጠፈ ላስቲክ ውስጥ ነው።

ቁስሏ ሲሽር ወደ ኮልፌው መሠረተ ትምህርት ማስተማሯ ተመለሰች። አያቷ እማማ ወለተጻድቅ ሰው እንዳይስቅባት ሰግተው ተከተሏትና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። የልጅቷ ሆድ በጮኸ ቁጥር ድምፁን ለመሸፈን ይስላሉ።

«ኧረ እማማ፣ ሳንባዎን ይታዩ!» አለ ከኋላ የተቀመጠው የአብዮት ጥበቃው ቱሉ። ክፍሉ ሳቀ።

ብርቱካን ጠመኔውን አስቀመጠች።

«እማማ፣ ሳሉን ይተዉት። ጓድ ቱሉ፣ የሚጮኸው የኔ አንጀት ነው። ሆዴ ላይ ወጥቷል፣ አይመለስም። እኔም ከዚህ ክፍል አልወጣም።»

አንጀቷ እንደገና ጮኸ። እማማ ሳላቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ቱሉ ዞሩ።

«ምን ታፈጣለህ? ጻፍ እንጂ!»