በጥርስ የተያዘች መፍቻ

ተኽላይ ቪትዝ መኪናዋ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን በበሩ አውጥቶ ግማሽ አካሉን ከዳሽቦርዱ ሥር ከቷል። ግራ እጁ የእጅ ባትሪ ይዟል፤ ቀኝ እጁ ሽቦ መሀል ገብቶ እስከ ክርኑ ጠፍቷል። ሦስተኛ እጅ ስለሌለው ትንሿን የራቼት መፍቻ በጥርሱ ነክሷታል።

"ስንት ብሎን ቀረህ?" አለ ኃይለገብርኤል ከውጭ።

"እምም።"

"እምም ስንት ነው?"

"እምም!"

"አንድ ማለትህ ነው ወይስ ተወኝ?"

ሁለቱንም ማለቱ ነበር። ኃይለገብርኤል የሥራ ባልደረባው ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ባትሪ ያዝልኝ ከተባለ ከምትፈለገው ብሎን በስተቀር ሁሉንም ነገር ያበራል። ስለዚህ ተኽላይ ባትሪውን ራሱ ይይዛል፣ መፍቻውንም ጥርሱ ይይዝለታል። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የሠራው።

የማሞቂያው ሞተር በሦስት ብሎኖች ነው የታሰረው። ሁለቱን ማንም ይፈታቸዋል። ሦስተኛዋን ግን ጃፓኖቹ ከሰው ተጣልተው ያስቀመጧት ይመስል ከግድግዳው ጋር አጣብቀዋታል። ሌላው መካኒክ ለእሷ ሲል ሙሉውን ዳሽቦርድ ያወርዳል፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ተኽላይ በአንድ ሰዓት ይጨርሳል። የሚጨርሰው ከመሀል ጣቱ በማትረዝም ራቼት ነው፦ ወደ አንድ ጎን ስትዞር ትነክሳለች፣ ስትመለስ ቀጭ ቀጭ እያለች ትለቃለች። እጅ በማይገባበት ቦታ እሷ ትገባለች።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ራቼቶች ሠላሳ አንድ አሉት። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ እያንዳንዷን በካልሲ ጠቅልሎ። ሚስቱ ራሕዋ ካልሲዋ ጎዶሎ ሲሆንባት አትፈልግም፤ የት እንዳለ ታውቃለች። "ትልቅ መፍቻ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛል" ይላል ተኽላይ፣ "ትንሽ መፍቻ ግን ዓይን ያለው ነው የሚያገኘው።" ይህችን የትንሾች ትንሽ ለገሃር አሮጌ ዕቃ ከሚሸጠው ከጅብሪል ከገዛት አምስት ወር ሆኖታል። "የካሜራ ናት፣ የጀርመን" ብሎት ነበር ጅብሪል። ጅብሪል የሚሸጠው ነገር ሁሉ የጀርመን ነው። የዚያን ቀን በጥርሶቿ መሀል ቡናማ ነገር ደርቆባት ነበር። ተኽላይ ዝገት መስሎት በጥፍሩ ፈቀፈቀው፣ እፍ አለባት፣ በቱታው ጠረጋትና ሥራ ጀመረ።

ስድስት ሰዓት ላይ ብሎኗ ወጣች። ተኽላይ መፍቻዋን እንደነከሰ እየተንፏቀቀ ሲወጣ የመኪናዋ ባለቤት ዶክተር ሀምዲያ በሩ ላይ ቆማለች። ጫማዋን የባቡር ሐዲዱ ቁፋሮ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሸፍኖታል፤ በዚያ ዓመት ጋራዡ ያለበት ላንቻ የደረሰ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚደርሰው። ከጎኗ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ገብረጻድቃን ቆመዋል። እሷ ከጎናቸው የቆመችው በምክንያት ነው። ጋሽ ገብረጻድቃን የፊት ጥርሳቸውን ካጡ ወዲህ ሲናገሩ ይረጫሉ። በሻይ የነከሩት ዳቦ ፍርፋሪ ከምራቃቸው ጋር ስለሚወጣ፣ ጋራዡ ውስጥ ከፊት ለፊታቸው የሚቆም ሰው የለም።

ዶክተሯ ሰላም እንኳ አላለችም።

"ጋሽ ተኽላይ፣ እሷን ነገር ያሳዩኝ እስቲ።"

ተኽላይ ራቼቷን ከአፉ አውጥቶ በቱታው ጠረገና ሰጣት። ዕቃውን የሚያደንቅለት ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። "ጎበዝ ዓይን አለዎት ዶክተር። የካሜራ ናት። የጀርመን።"

ዶክተሯ ገልብጣ ጅራቷ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበበች። ስልኳን አውጥታ አንድ ነገር አየች፤ መልሳ ቁጥሩን አየች።

"የኛ ናት። ከክሊኒካችን የጠፋችው።"

"ከክሊኒክ? እርስዎ የጥርስ ሐኪም አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ። ጥርስ ስንተክል መጀመሪያ መንጋጋው ውስጥ ብሎን እናስገባለን፤ ያንን ብሎን ማጥበቂያ ናት።"

የተኽላይ ምላስ ሳይታዘዝ ጥርሱን ዞሮ አሰሰና ቦታው ተመልሶ እንደ ሞተ ነገር ተኛ።

"የሰው አፍ ውስጥ?"

"የሰው አፍ ውስጥ። ግን ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ ታጥባ በእንፋሎት ትቀቀላለች። ምንም አይነት ጀርም አይተርፍም።"

"እሰይ" አለ ተኽላይ። ምራቁን ግን አልዋጠም። "የጠፋችው ከተቀቀለች በኋላ ነው?"

ዶክተሯ ወደ ጭቃ ጫማዋ አየች።

"ማለቴ… ሊታጠብ ከተቀመጠ ዕቃ መሀል ነው የጠፋችው። አንድ ታካሚ አምሽቶ የወጣ ቀን ማታ።"

"የማን ቀን?" አሉ ጋሽ ገብረጻድቃን፣ እንደ ልማዳቸው ባልተጠየቁበት ነገር ገብተው። ወዲያው ራሳቸው መለሱት። "ቆይ! የኔ ቀን አይደል? ብሎኑን የከተታችሁልኝ ቀን! ደሙ አልቆም ብሎ… አዎ! መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነበርኩ!"

ዶክተሯ አላስተባበለችም።

ተኽላይ ያን ቡናማ ነገር አስታወሰ። የፈቀፈቀበትን ጥፍሩን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አሠሪ ፊት እንደሚሄድ ሰው በሥርዓት፣ ወደ ጎማ ክምሩ ኋላ ሄዶ አስመለሰ። ኃይለገብርኤል ውሃ በጣሳ ይዞለት ቢመጣ ገፋው፤ ዕቃ የሚያጥቡበትን ናፍጣ አንስቶ ተጉመጠመጠ።

"ኧረ አንተ ሰው፣ ናፍጣ ነው እኮ!"

"ናፍጣ ንጹሕ ነው" አለ ተኽላይ እየተፋ። "ናፍጣ የጋሽ ገብረጻድቃን አፍ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።"

ሲመለስ ጋሽ ገብረጻድቃን ልጅ የተወለደላቸው መስለው ነበር።

"ተገኘች! አየህ፣ እግዜር ሲፈቅድ! ጥርሱን ብሎኑ ላይ የምታስረው አዲሷ ከውጭ እስክትመጣ ገና ሌላ ሁለት ወር ተብዬ፣ እሑድ በልጄ ሠርግ አፌን በእጄ ሸፍኜ ልቆም ነበር። በቃ ዶክተር፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ!" ከዚያ ወደ ተኽላይ ዞሩና ፊታቸውን አጨማደዱ። "ግን ይሄ ሰውዬ አፉ ውስጥ ከቷታል። ሁለት ጊዜ ትቀቀልልኝ። ቆሻሻ ነገር አልወድም።"

ኃይለገብርኤል ሳቁን በሳል አሳለፈው።

ዶክተር ሀምዲያ ራቼቷን በሶፍት እየጠቀለለች ጠየቀች። "ጋሽ ተኽላይ፣ ሌላ ምንም አልሆነችም አይደል? ውስጧን አልነኩትም?"

ነክቶታል። ከገዛት በሁለተኛው ወር ስፕሪንጓ ሲደክም አውጥቶ የላይተር ስፕሪንግ ቆርጦ አስገብቶላታል። ያለቁትን ጥርሶቿን በሞረድ ስሏቸዋል። ሆዷን በግሪስ ሞልቶታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የጋራዡ ሽንት ቤት የውሃ ሳጥን ሲበላሽ የታችኛዋን ብሎን ያወጣው በእሷ ነበር፤ ያዘዙት ጋሽ ገብረጻድቃን ራሳቸው ናቸው።

ጋሽ ገብረጻድቃን ትክ ብለው አዩት። "ምን ትሆናለች? መፍቻ አይደለች! በል መልስ፣ ምንም አልሆነችም በላት።"

"ምንም አልሆነችም" አለ ተኽላይ።

ዶክተሯ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻትና ሄደች። ጋሽ ገብረጻድቃን እያፏጩ ሊሸኟት ወጡ፤ በዚያ አፍ ፉጨት አይወጣም፣ ምራቅ ነበር የሚወጣው። ተኽላይ ቆሞ አያቸው። ሽንት ቤቱን ሲያስብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ደስ አለው። ይቅመሱት። እሱም አምስት ወር ቀምሷቸዋል። ግን የሽንት ቤቱ ቆሻሻስ ተቀቅሎ ይወጣል። የላይተር ስፕሪንግ ተቀቅሎ የራቼት ስፕሪንግ አይሆንም። መኪና ላይ ስትስት የሚላጠው የእሱ ጣት ነበር። አጥንት ላይ ብትስትስ?

"ዶክተር!" ብሎ ጮኸ። "ይመለሱ!"

ጭቃውን እየረገጠች ተመለሰች። ተኽላይ ራቼቷን ተቀብሎ የብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ አንድ አሮጌ ብሎን አሰረ።

"ይዩ" አለና አጠበቀ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ብሎኑ ጠንከር ሲል ራቼቷ ክርርር ብላ ሳተች፤ የተኽላይ እጅ ከሞርሳው ጋር ተጋጨ። የጣቱ ቆዳ ተላጦ ደም ወረደ።

"ስፕሪንጓ የላይተር ነው። ጥርሷንም ሞርጄዋለሁ። አፍ ውስጥ አትገባም።"

ዶክተሯ ፊቷ አመድ መሰለ። "ቅድም ጠየቅኩዎት እኮ!"

"ጠየቁኝ። ዋሸሁ።"

"አላህ ነው ያወጣኝ" አለች ቀስ ብላ። ራቼቷን አልተቀበለችውም። "አልወስዳትም። ጋሽ ገብረጻድቃን፣ አዲሷ እስክትመጣ እንጠብቃለን። አዝናለሁ።"

"ሠርጉስ?" አሉ ጋሽ ገብረጻድቃን። "ፎቶውስ?"

"አፍዎን ገጥመው ይነሳሉ።"

እሷ በእግሯ ወደ ታክሲ ሄደች። ጋሽ ገብረጻድቃን ተኽላይ ፊት ለፊት መጥተው ቆሙ፤ ወደ ጎን መሸሻ አልነበረም። ዳቦውም፣ ሻዩም፣ ቃሉም ፊቱ ላይ አረፈ።

"ዝም ብትል ምን ነበረበት? ያንተ አፍ ነው? ያንተ መንጋጋ ነው? በል ይቺን መኪና ጨርስና ቆርቆሮህን ይዘህ ከጋራዤ ውጣ። መኪናዋ ስታልቅ አንተም አልቀሃል።"

ቢሯቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ተኽላይ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ክንዱን በጨርቅ ጠረገ። ጨርቁን ጣለው።

አዲሱ ሞተር ገብቶ ሁለቱ ብሎኖች ታስረው ሦስተኛዋ ስትቀር ተኽላይ ቆርቆሮውን ከፈተ። ሠላሳዎቹ በካልሲዎቻቸው ተኝተዋል። አንዷን ፈትቶ ወደ ብርሃን አቀረባት። ጥርሷ መሀል የሆነ ነገር አለ። ዝገት ሊሆን ይችላል። መልሶ ጠቀለላትና ክዳኑን ገጠመ። ትንሿ ራቼት ሞርሳው ላይ እንዳለች ናት፤ ማንም አልነካትም።

"ካቻቢቴ አምጣልኝ" አለ። "ዳሽቦርዱን ላወርደው ነው።"

"ሙሉውን? ለአንዲት ብሎን?" ኃይለገብርኤል ሰዓቱን አየ። "ዛሬ አያልቅም እኮ። ነገም አያልቅም።"

"ለአንዲት ብሎን።"

ኃይለገብርኤል ወደ ቢሮው በር፣ ከዚያ ወደ ተኽላይ አየ። ካቻቢቴውን አመጣ። ተኽላይ ዳሽቦርዱ ሥር ተመልሶ ተንጋለለ። አንድ እጁ ፕላስቲኩን ደገፈ፣ አንዱ ካቻቢቴውን ያዘ። ባትሪውን ወደ አፉ አቀረበና አወረደው።

"ና፣ ባትሪ ያዝልኝ።"

ኃይለገብርኤል አጎንብሶ የመኪናዋን ጣሪያ ደህና አድርጎ አበራለት። ተኽላይ በጣቱ እየዳሰሰ የመጀመሪያዋን ብሎን መፍታት ጀመረ።