ፔሩን ለመስማት የተዘረጋ ሽቦ

በ1971 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ የእንስሳት ሐኪሙ ክንዴ ከደባርቅ ወደ አርሲ ተዛወረ። ሁለት ራዲዮ ስለነበረው አንዱን ለልብስ ሰፊዋ ለየሺወርቅ ሊተውላት ፈለገ። ስድስት ዓመት ሙሉ ካኪ ልብሱን ስትሰፋለትና ስትጠግንለት ኖራለች። ከዚያም በላይ፣ በከተማው ውስጥ እንደ እሱ የሩቅ አገር ጣቢያ ማደን የምትወድ እሷ ብቻ ነበረች። ሁለቱም የሚደሰቱት በዜናው አልነበረም። ያ ድምፅ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ደባርቅ መድረሱ ይገርማቸው ነበር።

«እንግዲህ ምረጪ» አላት።

አንደኛው ራዲዮ ከእንጨት የተሠራ፣ ሁለት ሰው የሚያነሣው፣ በመብራት የሚሠራ ነበር። ሲከፈት ግንባሩ ላይ አረንጓዴ ዓይን ይበራል። ሌላው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ከጡብ እምብዛም የማይበልጥ ትራንዚስተር ነው።

«አንድ ሳምንት ሁለቱንም ልሞክራቸው፣ ጋሼ።»

ክንዴ ሳቀ። «ትልቁን ለመምረጥ ሳምንት ይፈጃል?»

የሺወርቅ ከተቃጠለ የመኪና ዲናሞ የወጣ የመዳብ ሽቦ ከጋራዥ ለምና አመጣች። ከቤቷ ጣሪያ እስከ አባቷ ግቢ ባሕር ዛፍ ድረስ ዘረጋችው። ሽቦው እንጨቱን እንዳይነካ በሁለቱም ጫፍ ባዶ የክር ማጠንጠኛ አስገባች። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ማዳመጡን ለእሳቸው ጆሮ ሰጠች።

በመጀመሪያው ምሽት የትልቁ ተራ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ የከተማው የመብራት ሞተር ሲነሣ አረንጓዴው ዓይን በራ፤ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። «ራዲዮ እንዲህ ነው» አሉ ሁሉም። መሪጌታ ግን ጆሯቸውን አቅርበው ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ «ከሥሩ ገብስ የሚቆላ ሰው አለ» አሉ።

እውነትም ነበር። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ያ የመንጣጣት ድምፅ አልተወም፤ የሩቆቹን ጣቢያዎች ውጧቸው ጎረቤት አገር ያሉት ብቻ ይሰሙ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ራዲዮውም አብሮ ጠፋ።

ትንሹን የሞከረችው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ከተማው ጸጥ እንዳለ ነው። የሽቦውን ጫፍ ፋቀችና ከአንቴናው ዘንግ ጋር አሰረችው። ጣቢያው ሁሉ ባንድ ላይ ተደበላልቆ መጣ።

«ሦስት ደብር ባንድ ቤተ መቅደስ እየቀደሰ ነው» አሉ መሪጌታ።

የሺወርቅ ጥቂት አሰበች። ለትንሽ ራዲዮ ያ ሁሉ ሽቦ በዝቶበታል። ፈታችውና ያልተፋቀውን ክፍል ልባሱ እንዳለ ዘንጉ ላይ አምስት ጊዜ ብቻ ጠመጠመችው። ድምፆቹ አንድ በአንድ ተለያዩ። መሪጌታ ፈገግ ብለው በእጃቸው «ቀጥዪ» የሚል ምልክት ሰጧት።

ሦስት ቀን የሰሙት ግን ሁሉም ከሰሜን የሚመጣ ነበር፤ ዐረቡና አውሮፓው። ሽቦው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቷል። ሽቦ የሚሰማው ወደ ጎኑ እንደሆነ ክንዴ ነግሯት ነበርና የምዕራቡን እንዲሰማ ወደ ሰሜንና ደቡብ ልታዞረው ባሕር ዛፉ ላይ መሰላል አቆመች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደምለው የደረሰው እሷ መሰላሉ ላይ ሳለች ነው።

«ይህ ሽቦ መልእክት ያስተላልፋል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አላት።

«ይሰማል እንጂ አይናገርም፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ነገ ንጋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መጥተው ይዩ።»

መጣም። ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንድ የቀበሌ ጥበቃ አስከትሎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የሺወርቅ ሽቦውን ማታውኑ አዙራው ነበር፤ አሁን የራዲዮውን ቁልፍ ቀስ እያለች ታዞር ጀመር። ከመርፌ ስፋት የማትበልጥ ቦታ ላይ ዋሽንት መጣ። ከዋሽንቱ ሥር ከበሮ ነበረ። ቀጥሎ አንድ ሰው በማታውቀው ቋንቋ ፈጠን ፈጠን እያለ ተናገረ፤ ከንግግሩ ውስጥ «ኩስኮ፣ ፔሩ» የሚለውን ለየች። እጇን ከቁልፉ ላይ ለማንሣት ፈራች።

«ማን ነው?» አለ ደምለው።

«ፔሩ።»

«የት ነው እሱ?»

«ውቅያኖሱን ተሻግሮ፣ ከብራዚልም ወዲያ።»

ደምለው አሰበ። «ስለ እኛ ምን ይላል?»

«ስለ እኛ የሚያውቅ አይመስለኝም።»

«እንግዲያውስ ይቀጥል» አለና በርጩማውን ወደ ራዲዮው አስጠጋ። መሪጌታ ሸምበቆ ብዕራቸውን አንሥተው የዋሽንቱን ዜማ በምልክት ይጽፉ ነበር። «ወደ አራራይ ይጠጋል» አሉ ለራሳቸው። ፀሐይ ስትወጣ ድምፁ እየሳሳ ሄደና ጠፋ፤ አራቱም ግን ወዲያው አልተነሡም።

ቅዳሜ ክንዴ ሲመጣ ትልቁን ራዲዮ በጨርቅ ጠቅልላ አዘጋጅታ ጠበቀችው። «ትንሹን ነው የምፈልገው» አለችው። ለምን እንደሆነ ስታስረዳው ጉዞውን በአንድ ቀን አራዘመ፤ እሑድ ጠዋት ከእሷ ጋር ፔሩን ሰማና ሰኞ ትልቁን ጭኖ ሄደ።

የሺወርቅ በአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛዋ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰማችውን ዘርዝራ ለጣቢያው ደብዳቤ ጻፈች፤ የአባቷንም ምልክት አብራ ላከች። መልሱ የመጣው በሰኔ ነው። የጣቢያው ቴክኒሻን ደብዳቤውን ሲያነብ ከወንበሩ እንደተነሣ ጽፎላታል። በቀለም የተጻፉት የዜማ ምልክቶች ምን እንደሆኑ ይጠይቃል፤ ከደብዳቤው ጋርም የአገሩን ፎቶ ልኳል።

በዚያ ቀን ቀሚስ ልታስለካ ከተራራው መንደር ከጊች የመጣች ዓለምዬ የምትባል ሴት ነበረች። ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው። ገደሉ ላይ በእርከን የተዘራ ሰብል፣ ከላይ ጉም፣ በሣሩ ላይ የተበተኑ የፔሩ ጸጉራም እንስሳት ይታያሉ።

«ገብሱ የኛ ነው» አለች። «ገደሉም የኛ ነው። አንገተ ረጅሞቹን በጎች ግን አላውቃቸውም።»

የሺወርቅ እስክታነባ ሳቀች። ዓለምዬ ባሏን ለማሳየት ፎቶውን ተዋሰችው። ፎቶው ከጊች የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ጠርዙ በቅቤ ጣት ወዝቶ፣ ስለነዚያ በጎች ወተት አሥራ አንድ ጥያቄ ተሸክሞ። የሺወርቅ ጥያቄዎቹን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ለጣቢያው ላከቻቸው።