ስለ አጋር አገር የቀረበ ጥያቄ

የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢው ጫማ ሰፊው ደጃፍ ሲደርስ የቀረው አንድ ቅጽ ብቻ ነበር፤ እሱን ሳያስሞላ ከተመለሰ ከሥራው ይሰናበታል።

"አባባ፣ አጋራችን የሆነውን አገር ይወዱታል?"

ሽማግሌው ወስፌያቸውን ከቆዳው ሳይነቅሉ፣ "እነሱስ ስለ እኛ ምን አሉ?" አሉት።

"እዚያም እየተጠየቀ ነው። መጀመሪያ የእናንተን እንስማ ብለዋል።"

"ብልጦች! እኛስ ቸኩለን ለምን እንዋረዳለን? የእነሱን ሰምተን እንመልሳለን ብለህ ጻፍ።"

"ኧረ አባባ፣ ቅጹ ላይ ያለው 'እወዳለሁ' እና 'አልወድም' ብቻ ነው! ሊያስባርሩኝ ነው?"

"ታዲያ ልዋሽልህ ነው ልጄ?"

ሰብሳቢው የሽማግሌውን ቃል በቅጹ ኅዳግ ላይ እንዳለ ጽፎ፣ እየፈራ ለአለቃው አስረከበ። አለቃው ከአጋር አገር ከተላከው መልስ ጋር ሲያመሳክረው ፊቱ በራ። በማግስቱ ሬዲዮው የሁለቱ ወንድማማች ሕዝቦች አቋም በአንዲት ቃል እንኳ እንደማይለያይ አበሠረ፤ ሰብሳቢውም የክፍል ኃላፊ ሆነ።