ሐበሻ የማይደርስበት ካፌ

ኦስሎ ውስጥ ሶልያና የማታውቀው ካፌ ገና አልተከፈተም። ይህን የምትለው ራሷ ሶልያና ናት፤ ለክፍል ጓደኞቿም፣ ለእናቷም፣ ባቡር ውስጥ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰውም። ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት፣ ሰፈሯ ሃውገንስቱዋ ነው። አብዛኞቹን ካፌዎች ያየቻቸው ከውጭ ቆማ፣ በመስታወት ነው። ስታወራ ለሰማት ግን የከተማው ቡና ሁሉ እሷን ጠብቆ የሚፈላ ይመስላል።

ወሬዋን ከልቧ ያመነችላት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ አክስቷ እታለም። እታለም አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሰው ልጅ ስትጠብቅ የምትውል ሴት ናት። በፈረንጆቹ 2008፣ ኅዳር ላይ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ እነሶልያና ቤት ጎራ አለችና የልጅቷን ክፍል በር ከኋላዋ ዘግታ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ካፌ አውቃለሁ ትያለሽ አይደል?»

«ማወቅ ብቻ?»

«እስቲ አንድ ሞቅ ያለ ቤት ፈልጊልኝ። ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ፊት የማይነሱበት። ደግሞ ሐበሻ የማይደርስበት።»

«ሻማ ያለው ይሁን የሌለው?»

«ሻማ ምን ያደርግልኛል? መብራት ጠፍቷል እንዴ?»

«ሻማ ከሌለውማ ኩሽሊ አይሆንም» አለች ሶልያና። ኖርዌጂያን ሞቅ ያለውን፣ ትራስ የበዛበትን፣ ከገቡበት መውጣት የማያሰኘውን ቤት ሁሉ ኩሽሊ ነው የሚለው።

«እሺ፣ ሻማውም ይኑር። ሐበሻው ብቻ አይኑር።»

ሶልያና ካላወጣጣች የምትተኛ ልጅ አይደለችምና አወጣጣቻት። ሰውየው ሃብተ ይባላል። ትቬይታ የሚኖር ኤርትራዊ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ የአውቶቡስ ሾፌር። ጠዋት ጠዋት እታለም በበረዶው እየተንሸራተተች ስትሮጥ የአውቶቡሱን በር ከፍቶ ይጠብቃታል። ሰሞኑን ደግሞ ቡና ልጋብዝሽ ብሏል። እታለም ሰውየውን አልፈራችውም፤ የፈራችው ወሬውን ነው። ከዚህ በፊት አንድ ሌላ ሰው ግሮንላንድ ሰፈር ቡና ጋብዟት ነበር። ገና ስኒዋን ሳታስቀምጥ ወሬው ሃውገንስቱዋ ገብቶ፣ ቤቷ ስትደርስ ሴቶቹ የሠርጉ ወጥ ቀይ ይሁን አልጫ እያሉ ሲከራከሩ አገኘቻቸው። ሰውየው ይህን ሲሰማ ደንግጦ ስልክም ማንሳት ተወ።

«ይኼኛውን» አለች እታለም፣ «ሰው ሳይድረኝ በፊት እኔ ራሴ ልየው።»

ሶልያና በማግስቱ ከትምህርት ቤት ወጥታ በቀጥታ ወደ ግሩነርሎካ ሰፈር ወረደች። እዚያ ያረጁ ሶፋዎች ያሉት፣ ሻማው በየጠረጴዛው የሚንቦገቦግ አንድ ቤት አለ። ገብታ ካካዎ አዘዘች። ገና አንዴ ፉት ሳትል ከጓዳ ብርጭቆ ተሸክሞ የወጣው ሰው ይመር ሆነ፤ የእነሱው ፎቅ ጎረቤት። «ሶልዬ! እናትሽ ደህና ናት? ትምህርት የለም እንዴ?» አላት። ካካዎዋን ጨለጠችና ወጣች።

ማዮርስቱዋ ሰፈር ያገኘችው ሁለተኛው ቤት ደግሞ ጓዳውም ሳሎኑም ንጹሕ ነበር፤ አንድም ሐበሻ የለም። ደስ ብሏት መስኮቱ ጋ ስትቀመጥ ከመስታወቱ ማዶ የታክሲ ተራ ኖሮ፣ ሦስት ሐበሾች መኪናቸውን ተደግፈው በእጃቸው ሰላም አሏት። አንደኛው ገብቶም ስለ እናቷ ጤንነት ጠየቀ።

ሦስተኛውን ያገኘችው ሳንክት ሃንስሃውገን ከሚባለው ኮረብታ ሥር ነው። ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ምድር ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወንበሮቹ የሱፍ ብርድ ልብስ የለበሱ፣ ቫፈል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ ከብረት መጋገሪያው ላይ ሲነሣ የሚያውድ። ቡናው ቀጭን ነው፤ መቼስ ሁሉም ነገር አይሟላም። ባለቤቷ ፀጉሯ የሸበተ ኖርዌጂያን ሴት ናት። ሶልያና ነገር ማድበስበስ አትወድምና በኖርዌጂያንኛ ፊት ለፊት ጠየቀቻት።

«እዚህ ኢትዮጵያውያን ይመጣሉ?»

ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ። «የእኔ ልጅ፣ እዚህ ቤት ማንም ሰው መምጣት ይችላል!»

«ናይ፣ ናይ! አይደለም፣ እንዳይመጡ ነው የምፈልገው።»

ሴትዮዋ ልጅቷን የሆነ ቦታ የሆነ ሰው አስቀይሟት ነው ብላ አዘነችና አንድ ቫፈል በነፃ አመጣችላት፤ ክሬምና ቡናማ አይብ የተደረገበት። ሶልያና ማስረዳቱን ትታ በላች።

ለእታለም ነገረቻት፤ እታለምም ለሃብተ ነገረችው፤ ለቅዳሜ ተቀጣጠሩ። ሶልያና ምስጢሩን አጥብቃ ያዘችው። ስለ አክስቷ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከቀጠሮው በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ግን ሄዋን የምትባለው ጓደኛዋ ስለ አንድ ካፌ ጉራ ስትነዛ ሰማችና አላስቻላትም።

«እሱማ ሐበሻ የሞላበት ነው» አለቻት። «እኔ ሐበሻ ጭራሽ የማይደርስበት አግኝቻለሁ።» የት እንደሆነም አልደበቀችም። ምስጢሩ አክስቷ እንጂ ካፌው አይደለማ።

ቅዳሜ ከሰዓት እታለም ቀይ ሻርፕ አድርጋ መጣች። ሶልያናም መንገድ ልምራ ብላ ተከተለቻት። ሃብተ ቀድሞ ደርሶ ደረጃው አፍ ላይ ቆሟል፤ ረጅም፣ ጢሙ የተከረከመ፣ ቆቡን በእጁ የያዘ። ንግግሩ ቁጥብ ነው። «ወዲህ ነው?» አለና በሩን ከፈተላቸው።

ወረዱ። ሶልያና ከፊት ነበረችና በመጀመሪያ ያየችው እሷ ናት።

ጥጉ ላይ ሄዋን ከአንድ የሰፈር ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጣለች። ሲገቡ አይታ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሯ ሳበችው። ምድጃው አጠገብ አቶ በየነ ጋዜጣ ዘርግተዋል፤ ወገቤን አሞኛል ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ወንበር ማጓጓዝ የቀሩት አቶ በየነ። መሐል ላይ ደግሞ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ሐረገወይን ብቻዋን ተቀምጣለች። ጾመ ነቢያት ከገባ ወዲህ የማን ቤት ብስኩት ወተት እንዳለበት ጽሑፉን አገላብጣ የምታነብ ሴት ናት። ከፊቷ ያለው ቫፈል ክሬሙ ተራራ አክሏል፤ ከክሬሙም ጥቂቱ ከንፈሯ ላይ ነው።

ለሄዋን የተነገረ ለእናቷ ይደርሳል፤ ለእናቷ የደረሰ ለሐረገወይን። ሐበሻ የማይደርስበት ቤት ተገኘ ሲባል፣ ከሐበሻ የሚደበቅ ሁሉ መጥቷል።

እታለም ሻርፗን ይዛ ወደ በሩ ዞረች። ዛሬ ከወጣች እንደማትመለስ ሶልያና ገባት።

ሃብተ ግን ሰው አይቶ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው አልነበረም። በየጠረጴዛው ሄደ። የአቶ በየነን እጅ ጨበጠ፣ ስለ ወገባቸው ምንም ሳያውቅ ጤናቸውን ጠየቃቸው፤ «ዛሬ... ትንሽ ይሻላል» አሉ አቶ በየነ። ብርድ ልብሱን ራሱን «እንደምን ዋልሽ» አለው፤ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። እታለምም አማራጭ ስታጣ ተከተለችውና ሐረገወይን ፊት ደረሱ።

ሐረገወይን የጎረሰችውን በግድ ዋጠች። ዓይኗ ከሃብተ ወደ እታለም፣ ከእታለም ወደ ሃብተ ተመላለሰ። የእታለም ዓይን ግን ክሬሙ ላይ ነው።

«ሐኪም ነው ያዘዘልኝ» አለች ሐረገወይን።

እታለም ሃብተን በአገጯ አመለከተች። «ለእኔም ሐኪም ነው ያዘዘልኝ፣ እትዬ ሐረገወይን።»

ከዚያ የሐረገወይን ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቋን ለማፈን በናፕኪን አፏን ይዛ ነበር። «በይ ተቀመጪ፣ መድኃኒትሽ እንዳይቀዘቅዝብሽ» አለቻት። ከዚያም ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ እንዲህ ያለ ውለታ ለማንም ውላ አታውቅም።

እታለምና ሃብተ ሻማው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አሉ። ሶልያና ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ሆና ጆሮዋን ብትዘረጋም የሰማችው ጥቂት ነው። እሱ ስለ ሟች ሚስቱ አንድ ነገር አለ። እታለም ስለ መጀመሪያው ሰውዬና ስለ ሠርጉ ወጥ ስትነግረው ጮክ ብሎ ሳቀ፤ «አልጫው ይሻል ነበር» አላት። ውጭው ጨልሞ ቫፈሉ እስኪያልቅ አልተነሡም። ሲነሡ «ለሚቀጥለው ቅዳሜስ?» አላት። እሷም «ያ፣ ያ» አለች፤ ባርነሃገ ውስጥ ሕፃናቱን እሺ እንደምትለው።

ደረጃውን ሲወጡ ሃብተ ቆቡን አጠለቀና ወደ ሶልያና ዞረ። «ጓለይ» አላት፤ በትግርኛ ልጄ ማለቱ ነው። «ይህን ቤት ሐበሻ አያውቀውም ተብሎ አልነበረም?»

«አያውቀውም ነበር! እኔ እኮ ለሄዋን ብቻ ነው የነገርኳት።»

እታለም ቆም ብላ አየቻት። ሶልያና ቶሎ አለች፦

«ደግሞ ምን ተበላሸ? ሁሉም የሚደብቀው አለው፣ ማንም አያወራም። አስቤበት ነው ማለት ይቻላል። ለሚቀጥለው ደግሞ ሌላ አውቃለሁ፤ እዚያማ ሐበሻ ጭራሽ...»

«እነሱስ አፋቸውን በቫፈል ዘጉልን» አለች እታለም ሻርፗን እያጠበቀች። «ያንቺን አፍ የሚዘጋ ቫፈል ግን ገና አልተጋገረም።»