የሠላሳ ሦስት ዓመቷ መካኒክ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከሥራው በላይ ያደክመኛል። ግሪክ አገር፣ ተሰሎንቄ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጠን፣ በአውሮፓ አገሮች ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ባለሙያ፣ ምን ዓይነት የትምህርት ማስረጃ እንደሚፈለግ እንተነብያለን። እንተነብያለን ስል ሰው ይስቃል። እናቴ "ኤቫንቲያ የወደፊቱን ታያለች" ብላ ሰፈሩን ስላዳረሰች፣ ከላያችን የሚኖሩት ሴትዮ ልጃቸውን እየጎተቱ መጥተው "ፋርማሲ ትማር ወይስ ሕግ?" ብለው ጠይቀውኛል። እኔ የማየው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካልዋሸኝ አልዋሽም። ቢያንስ እስካለፈው መጋቢት ድረስ እንዲህ እያልኩ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር።

መጋቢት ላይ የአክስቴ ልጅ ፓስካሊስ ደወለ። ከካቫላ ወዲህ ባለችው የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ በፓላዮስካላ፣ በሙያ ትምህርት ቤቱ የጀልባ ሞተር ጥገና ያስተምራል። አብረን ነው ያደግነው። እንደ ወትሮው ስለ እናቴ ጉልበት አልጠየቀኝም።

"ክፍሌን ሊዘጉት ነው" አለኝ።

"ማነው የሚዘጋው?"

"አንቺ።"

የአውራጃው ኮሚቴ ማክሰኞ ተሰብስቦ የትኛው የሙያ ክፍል እንደሚቀጥል፣ የትኛው እንደሚዘጋ ይወስናል። በእጃቸው ያለው ወረቀት የኔ ሠንጠረዥ ነው። "የጀልባ ሞተር መካኒክ፣ ፓላዮስካላ፣ በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት የሚፈለግ አዲስ ሰው፦ ሁለት" ይላል። ሥሩ ላይ ስሜ አለ።

"ለሁለት ሰው ብሎ ማን ትምህርት ቤት ይከፍታል?" አለ ፓስካሊስ። "ሃያ ስድስት ዓመት ያቆየሁትን ክፍል በአንድ መስመር ጨረስሽው።"

"ቁጥር ዝምድና አያውቅም" አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ።

ተናደድኩ። እኔ ደግሞ ትክክል ነኝ ብዬ ካመንኩ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንልኝም። ሐሙስ ጠዋት ሠንጠረዤን ይዤ መኪናዬን አስነሣሁና ሁለት ሰዓት ነድቼ ፓላዮስካላ ገባሁ። ልታረቀው አልነበረም የሄድኩት፤ ላስረዳው ነበር።

ፓስካሊስን ያገኘሁት በወርክሾፑ ውስጥ፣ የተፈታ ሞተር ፊት ቆሞ ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ። ነገሩ ቀላል ነው አልኩት። አዲስ ሰው የሚፈለገው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ሥራው ሲያድግ፣ ወይ በሥራው ላይ ያሉት አርጅተው ሲወጡ። እዚህ ጀልባው አልበዛም፤ ስለዚህ ሥራው አያድግም። የሚያረጅ ሰውም የለም።

"የሚያረጅ ሰው የለም" አለ ፓስካሊስ ቃል በቃል ደግሞ።

"የለም። ፈቃድ ያላቸው አርባ አንድ መካኒኮች ናቸው። አማካይ ዕድሜያቸው ሠላሳ ስድስት ነው። ገና ሠላሳ ዓመት ይሠራሉ።"

"ስንት አልሽ?"

"ሠላሳ ስድስት።"

"የት አገር?"

"እዚህ ነዋ! ፓላዮስካላ!"

ጨርቁን አስቀመጠው። "ኤቫንቲያ፣ ቁርስ በልተሻል?"

"እሱን ምን አመጣው?"

"ረኃብ አዙሮሽ እንዳይሆን ብዬ ነው። ተነሺ፣ ወደብ እንውረድና አንድ ወጣት አሳዪኝ። አንድ ብቻ። ካሳየሽኝ ክፍሉን እኔው ራሴ ቆልፌ ቁልፉን ባሕር እጥለዋለሁ።"

"እሺ!" አልኩ። ማንን እንደማሳየው አውቅ ነበር። በዝርዝሬ ላይ አንዲት ሴት አለች፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ የራሷ የጥገና ቤት ያላት። ባለፈው ዓመት ብራስልስ በተደረገ ስብሰባ ላይ "በአንዲት ትንሽ ወደብ አንዲት ወጣት ሴት የጀልባ ሞተር ትጠግናለች" ብዬ ስናገር አዳራሹ አጨብጭቦልኛል። አንዳንዶቹ ብድግ ብለው ነበር።

የጥገና ቤቱ በር ላይ "ቫርቫራ፣ የጀልባ ሞተር ጥገና" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ፓስካሊስን በድል ዐይን አየሁትና ገባሁ። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞተር ላይ ጎንበስ ብለው በመፍቻ ይታገላሉ። ወደቡ ሁሉ ባርባ፣ ማለትም አጎቴ፣ እያለ የሚያከብራቸው ፎቲስ ናቸው።

"ባርባ ፎቲስ፣ ቫርቫራን ፈልገን ነበር" አልኳቸው።

"ቫርቫራ ሴሬስ ከተማ ናት። የሙሽራ ልብስ ትሰፋለች። ልታገቢ ነው እንዴ?"

"ኧረ ባርባ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።"

"ታዲያ ምናለበት? ልጄ እጇ የተባረከ ነው፤ ቦርጭ ትደብቃለች።"

ፓስካሊስ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ በሳቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን አልተመለስኩም። "መካኒኳ ቫርቫራ አይደለችም እንዴ?"

"በወረቀት እሷ ናት፤ በዘይት እኔ ነኝ" አሉ ባርባ ፎቲስ።

ከዚያ ያስረዱኝን ማንም የፓላዮስካላ ሰው ያውቀዋል፤ የማያውቀው የኔ መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ጡረታ ሲወጡ ሕጉ ጡረተኛ ሆኖ የሚሠራን ሰው ጡረታውን ይቆርጥበት ነበር። እሳቸው ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አልቻሉም፤ ጀልባው ይመጣል፣ ሞተሩ ይታመማል፣ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ፈቃዱን በልጃቸው ስም አዞሩት። ጎረቤታቸው አኔስቲስ በምራቱ ስም አዞረ፤ ምራቱ ናፍታ ከሸተታት ራሷን ትስታለች። አንዱ በወንድሙ ልጅ፣ አንዱ በአማቹ ስም። ሕጉ በኋላ ቢለሳለስም ወረቀቱን መልሶ ማዞር ለሁሉም ታከታቸው። እንግዲህ መዝገቡ ላይ ያለው ዕድሜ የልብስ ሰፊ፣ የአስተናጋጅ፣ የፀጉር ሠሪ ዕድሜ ነው። መፍቻውን የያዘው እጅ ዕድሜ የትም አልተጻፈም።

ዘይት የነካው በርሜል ላይ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ። በተለይ ያ ጭብጨባ ትዝ ሲለኝ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ግን ከእፍረቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ ቁጥሩ ስህተት ከሆነ ክፍሉ ሊተርፍ ይችላል።

ወረቀትና እስክሪብቶ ሳወጣ የባርባ ፎቲስ ፊት ተለወጠ። "ከግብር ነሽ?"

"የአክስቴ ልጅ ናት ባርባ" አለ ፓስካሊስ።

"የአክስት ልጅ ከግብር መሆን አይችልም?"

እውነታቸውን ነው። የነገሩኝን እንዳለ ብጽፈው አርባ አንድ ቤተሰብ ጣጣ ውስጥ እከታለሁ። ባልጽፈው ክፍሉ ማክሰኞ ይዘጋል። አንድ መውጫ ብቻ ነበረኝ። ደንባችን ስም ሳይጻፍ በቦታው የተሰበሰበ መልስ፣ አብዛኛው ሰው ከመለሰ፣ በመዝገቡ ዕድሜ ምትክ እንዲገባ ይፈቅዳል። ለአገልግሎት ሲውል ግን አይቼ አላውቅም።

በቀትር ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደቡ ዳር ባለው ቡና ቤት ይሰበሰባሉ። ፓስካሊስ ከዓሣ ሻጭ ባዶ የሰርዲን ሣጥን ለምኖ መጣና ክዳኑ ላይ በቢላ የወረቀት ማስገቢያ ቀዳዳ አወጣ። እኔ ወረቀት ቆራርጬ አደልኩ።

"አንድ ቁጥር ብቻ ጻፉ" አልኳቸው። "ስም አልፈልግም። መፍቻውን የሚይዘው ሰው ዕድሜ ብቻ።"

"ምን ይሠራልሻል?" አለ አኔስቲስ። ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ተጠራጣሪ ሰው ነው።

"ካልጻፋችሁ መንግሥት ሁላችሁም ወጣት ናችሁ ብሎ የፓስካሊስን ክፍል ማክሰኞ ይዘጋዋል።"

"ወጣት ከሆንኩማ ተይኝ፣ ደስ ብሎኛል!"

ሳቁ። ባርባ ፎቲስ ግን አልሳቁም። "አኔስቲስ" አሉ፣ "ባለፈው ክረምት ሆስፒታል በተኛህ ጊዜ የስንቱ ጀልባ ታስሮ ከረመ? ክፍሉ ከተዘጋ እኔ ስሞት ይሄን ሞተር ማን ይፈታዋል? ቫርቫራ በመርፌ?"

እሳቸው ወረቀቱን በመዳፋቸው ከልለው ጻፉ፣ አራት ቦታ አጠፉ፣ ተነሥተው ሣጥኑ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ በኋላ ሌላ ልመና አላስፈለገም። በአገራችን ሰው ሣጥንና ሰልፍ ካየ ወረቀት ሳይከት አያልፍም፤ የዳማ ጨዋታቸውን ትተው ተሰለፉ፣ አንዱ የሌላውን ወረቀት ሊያይ ሲንጠራራ ተሰዳደቡ፣ ከመርከብ ጥገናው ሜዳ የቀሩትን በስልክ ጠሩ። አኔስቲስ መጨረሻ ላይ እያጉረመረመ ከተተ።

ሠላሳ ሰባት ወረቀት ተገኘ። ፓስካሊስ እየፈታ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰባ አንድ። ስድሳ ዘጠኝ። ሰባ አራት። ሰባ ስምንት። ዐሥራ ዘጠኝ።

ሁሉም ወደ አኔስቲስ ዞረ።

"ስም አይጻፍም አላለችም? እንዴት አወቃችሁ?" አለ።

ያን ጣልኩት። በቀሩት ሠላሳ ስድስት ወረቀቶች አማካዩ ስድሳ ዘጠኝ ሆነ። በዐሥር ዓመት ውስጥ፣ እግዜር ዕድሜ ቢጨምርላቸው እንኳ፣ ቢያንስ ሠላሳው መፍቻውን ያስቀምጣሉ። ሁለት ያልኩት ሠላሳ ነበር። ሁለት ጊዜ ደመርኩ፣ ሦስተኛ ጊዜ ፓስካሊስ ደመረ፤ ያው ነው። እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት አለቀስኩ። እፎይታ ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ዓርብ ጠዋት አለቃዬ ዱዋርቴ ቢሮ ገባሁ። ፖርቱጋላዊ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ያለ ማስረጃ አያሳልፍም። የማስተካከያውን ወረቀት አቀረብኩለት። ስህተቱ የኔ መሆኑን ከላይ ጽፌበታለሁ።

"ስም የለበትም?" አለ።

"የለበትም።"

"መልሱን በምን ሰበሰብሽው?"

"በሣጥን።"

"በምን ሣጥን?"

"በሰርዲን።"

ወረቀቶቹ ያሉበትን ፖስታ ከፈት አድርጎ ወዲያው ዘጋው። ደንቡን አንብቦ ጨረሰ፤ ሁለት ገጽ ነው፣ እሱ ሲያነበው ግን መጽሐፍ መሰለኝ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። "የኔም አባት ዳቦ ቤት ዛሬ ድረስ በእኅቴ ስም ነው" አለ። "ሌሎቹንም ወደቦች እንደዚሁ አጣሪያቸው። ይሄን ግን ዛሬውኑ ላኪው። ፖስታውንም ከቢሮዬ አውጪልኝ፣ ሸተተኝ።"

ላክሁት። ግን መላክ መወሰን አይደለም። ቅዳሜና እሑድ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ኮሚቴው የድሮውን ወረቀት አንብቦ ቢሆንስ? ሰው አንዴ ያነበበውን ቁጥር በቀላሉ አይለቅም፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ፊት ለፊቴ አድርጌ አንድ መስመር አልሠራሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጮኸ።

"ቀጥሏል!" አለ ፓስካሊስ። "ሰማሽኝ? ቀጥሏል! እንዲያውም ተጨማሪ ተማሪ ተቀበል ብለውኛል!"

ከጀርባው ቡና ቤቱ ሁሉ ይጮሃል። እኔ "ተመስገን፣ ተመስገን" እላለሁ። ፓስካሊስ "ቆይ፣ ሰው ይፈልግሻል" ብሎ ስልኩን ሰጠ።

"ልጄ" አሉ ባርባ ፎቲስ። "እውነት ነው ሠላሳ ሰው ይፈለጋል የሚለው?"

"እውነት ነው ባርባ።"

"ሰኔ ሲመረቁ ሁለቱን እኔ ጋ ለማምጣት ፓስካሊስ ቃል ገብቷል። አስለምዳቸዋለሁ፣ ፈቃዱንም በስማቸው ያወጡታል፣ ከዚያ እቀመጣለሁ።"

"የት ነው የሚቀመጡት?"

"ወንበር ላይ ነዋ!" አሉ። "ስድሳ ዓመት የቆምኩ ሰው ነኝ እኮ።"