አንድ ጊዜ የተቀቀለ እንጉዳይ

ቱውሊ ጫካ ገብታ አንዲት እንጉዳይ ቆርጣ አታውቅም። በምትኖርበት በታምፔሬ ከተማ ግን ስለ እንጉዳይ የእሷን ያህል የሚነበብለት የለም። ኧረ ለድረ ገጽ ያልጻፈችው ምን አለ! ስለ ጣሪያ፣ ስለ ጥርስ ሕመም፣ ስለ ዓሣ ማጥመድ፤ ሁሉንም ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ከዚህም ከዚያም ቃርማ። ብዕሯ ይጣፍጣል፣ ሰው ያምናታል።

ያን ቅዳሜ የድረ ገጹ አለቃ ኦይቫ ቤቱ ምሳ ጠራት። ዋና ጸሐፊ ሊያደርጋት ነው፤ ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በግንቦት የሚለቀመውን፣ ጥሬው መርዝ የሆነውን የጆሮ እንጉዳይ በክሬም ሠርቶ አቀረበ። እናቱ እማማ ሲርካ ሳህኑን አዩት።

«ስንት ጊዜ ቀቀልከው?»

«አንድ ጊዜ። ቱውሊ እንደጻፈችው» አለና ሊጎርስ ሲል ሹካውን መነተፉት።

«አንተ ጅል! ውሃው ተደፍቶ፣ ታጥቦ፣ በአዲስ ውሃ እንደገና ነው! ልትፈጀን ነው እንዴ? ልጄ፣ እውነት አንድ ጊዜ ብለሽ ጻፍሽ?»

ቱውሊ ክው አለች። ጽሑፉ እንዳይረዝም ብላ ሁለተኛውን ቅቀላ የቆረጠችው ራሷ ናት፤ ድግግሞሽ መስሏት።

«እማማ፣ እኔ ቀቅዬ አላውቅም።»

«ከአያትሽ ጋር ስትለቅሚ እንዳደግሽ ጽፈሻል እኮ!» አለ ኦይቫ።

«ፈጠርኩት።»

ስልኳን ከፈተች። ጽሑፉ ከወጣ ሁለት ቀኑ፤ ሠላሳ ሺህ ሰው አንብቦታል። ከሥሩ አንዲት ሴት፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ድስቱ ተጥዷል፤ ልጆቹ ማንኪያ ይዘው ቁጭ ብለዋል» ብላለች። ከሃያ ደቂቃ በፊት። የሰው ያለህ! ከሥሩ መልስ መጻፍ ጀመረች።

«በስምሽ አትጻፊ!» ኦይቫ ጮኸ። «ዝም ብለን እናጥፋው። ከጻፍሽ ይህን ሙያ ደህና ሁን በይው።»

«ካጠፋነው ለእሷ ማን ይነግራታል?»

ጻፈች፦ «አትብሉት! እኔ ቱውሊ ነኝ የጻፍኩት። ቀቅዬ አላውቅም፤ ዋሽቻችኋለሁ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ትንሹ ሁለት ማንኪያ በልቷል። ሁለት ማንኪያ ምን ያደርጋል? አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ንገሪኝ እንጂ!»

«አላውቅም» ብላ ጻፈች ቱውሊ። «አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይዘሽው ሩጪ።»

ከዚያ በኋላ ሴትየዋ አልመለሰችም።