የፈረመችበት አሻራ

እኛ ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ድጋሚ» ነው የምንላት፤ ታናናሾቹ «እትዬ ድጋሚ» ይሏታል። አሻራውን አይታ፣ አገላብጣ፣ ጨርሳ፣ ልክ ተነስተን ልንወጣ ስንል «እስቲ ድጋሚ ልየው» ስለምትል ነው። እኔ የክፍሉ ፎቶ አንሺ ነኝ። ወንጀል ከተፈጸመበት ቦታ በዱቄትና በብሩሽ የወጣውን አሻራ አንስቼ፣ አጉልቼ፣ አትሜ የማቀርብላት እኔ ስለሆንኩ በእሷ ድጋሚ ስንቴ ምሳዬ እንደቀዘቀዘ የማውቀው እኔው ነኝ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ።

ሥራ ላይ ሆና ማየት ግን ያስደስታል። ማጉያዋን ወረቀቱ ላይ አስደግፋ በመጀመሪያ ጠቅላላ ቅርጹን ታያለች። መስመሮቹ እንደ ድልድይ ጎብጠው ያልፋሉ? ገብተው ታጥፈው ይመለሳሉ? ወይስ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ይዞራሉ? «ይሄ ሰፈሩን ነው የሚነግርሽ፤ የቤት ቁጥሩ ገና ነው» ትለኛለች፤ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ሰው ሞልቷልና። ከዚያ ወደ ጥቃቅኑ ትወርዳለች። አንዱ መስመር የት ላይ እንደሚያልቅ፣ የት ላይ ለሁለት እንደሚሰነጠቅ፣ በመካከላቸው ስንት መስመር እንዳለ አንድ በአንድ ትለቅማለች። የአንድ እናት መንትዮች እንኳ በዚህ ይለያያሉ።

አንድ የማትለቀው ወግ አላት። የተጠርጣሪውን የአሻራ ካርድ ሳታየው መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍና ቁልፉን ለእኔ ትሰጠኛለች። ከቦታው በተነሳው አሻራ ላይ ያየችውን ሁሉ በቀይ እርሳስ ምልክት አድርጋ ሳትጨርስ፣ ብትለምነኝም እንዳልሰጣት አስምላኛለች። «ካርዱን ቀድሜ ካየሁ ዓይኔ የሌለውንም ያገኛል» ትላለች። እኔ በልቤ ቀብጣ ነው እል ነበር።

አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ተሰብሮ ዘበኛው ክፉኛ ተደበደበ። ራሱን እንደሳተ ሆስፒታል ገባ። ከመስኮቱ ብረት ላይ የተገኘው አንድ የደበዘዘ የአውራ ጣት አሻራ ብቻ ነበር፤ እሱም ግማሹ የለም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሲፈለግ አንድ ልብስ ሰፊ ወጣ፤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ አሻራ የሰጠ ሰው ነው። አለቃችን የድጋሚ ራስጌ ቆሞ «ዘበኛው ሊሞት ነው፣ ከተማው ሁሉ እኛን ነው የሚያየው» እያለ ይጎተጉታታል። ስክሪኑ ሁለቱን አሻራዎች ጎን ለጎን አውጥቶ ስላሳያት የዚያን ዕለት መሳቢያ የለ፣ ቁልፍ የለ። አየች፣ አመሳከረች፣ «የእሱ ነው» ብላ ፈረመች። ሁለተኛ ሆኖ ማረጋገጥ የነበረበት ባለሙያ እሷው ያስተማረችው ነው፤ የእሷን ፊርማ ሲያይ እሱም ፈረመ። ልብስ ሰፊውን ከስፌት መኪናው ላይ አንስተው ወሰዱት። እኔም እሰይ ብዬ ምሳዬን በትኩሱ በላሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኮቷን ሳታወልቅ የልብስ ሰፊውን ካርድ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈችና ቁልፉን ዘረጋችልኝ።

«ያዥልኝ።»

«የምን ቁልፍ ነው? ተፈርሞ ሄዷል እኮ።»

«ያዥ አልኩሽ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

የመስኮቱን አሻራ ብቻ ይዛ ተቀመጠች። ቀይ እርሳሱ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ ተመልሶ ሲሄድ አያለሁ። ስትጨርስ እጇን ዘረጋች፤ ቁልፉን ሰጠኋት። ካርዱን አውጥታ አጠገቡ አደረገችው። ማጉያዋን ከአንዱ ወደ አንዱ አመላለሰች።

«ነይ እስቲ እዪልኝ» አለች በመጨረሻ። «ትላንት እዚህ ጋ መስመሩ ለሁለት የሚሰነጠቅበት ቦታ አለ ብያለሁ። ዛሬ ካርዱ ሳይኖር ፈልጌ አጣሁት።»

«ዱቄቱ ሸፍኖት ይሆናላ።»

«ይሁን። ይሄኛውስ? እዚህ መስመሩ ያልፋል። የሰውየው ጣት ላይ ግን እዚሁ ጋ ያልቃል።»

«ትላንት አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። መስኮቱን ሲይዝ ጣቱ ተንሸራቶ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ተንሸራቶ ቢሆን ግራና ቀኝ ያሉትም አብረው ይዛነፉ ነበር። እያቸው፣ ቀጥ ብለዋል።»

ማጉያውን ተቀብዬ አየሁ። መስመሯ ያለ ምንም ሐፍረት ታልፋለች።

ወደ አለቃችን ቢሮ አብሬያት ገባሁ። ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሌላ ሰው ይየውና ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን» አላት። «አንቺ እስከ ዛሬ የመሰከርሽበት ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል እኮ። ስምሽስ?»

«ሰውየው ማረፊያ ቤት ነው ያለው፣ አለቃ። ስሜ ግን በሰላም ቤቱ ነው ያደረው።»

«ቢያንስ ከፍርድ ቤት ቀጠሮው በኋላ ይሁን።»

«ቀጠሮው ዛሬ ከሰዓት ነው። ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቀው የእኔን ፊርማ ይዞ ነው። ፊርማዬን ላነሳ እሄዳለሁ፤ ይፍቀዱልኝ አይፍቀዱልኝ እርስዎ ያውቃሉ።»

አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም። «ሂጂ» አላት።

ፎቶዎቹን ተሸክሜ ተከተልኳት። ችሎቱ ጠባብ ነው። ልብስ ሰፊው ከፊት ቆሟል፤ ሸሚዙ አንድ ቀን ያደረ እስር ይሸታል። ከኋላው ወንበር ላይ ሚስቱ ኮቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ድጋሚ ስሟን አስመዝግባ ቆመችና፣ «አሻራው የእሱ ነው ብዬ ፈርሜአለሁ። ተሳስቻለሁ። የእሱ አይደለም» አለች። ከዚህ ሌላ መግቢያ አላበጀችለትም።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ትላንት እርግጠኛ ነበሩ፤ ዛሬም እርግጠኛ ነዎት። የትኛውን እንመን?»

«ቃሌን አይመኑ፣ ክቡር ዳኛ። ፎቶዎቹም ማጉያውም እዚህ አሉ። ራስዎ ይዩት።»

ዳኛው ጎንበስ አሉ። እርሳሷን ጫፏን ብቻ እያስነካች የሁለቱን መስመሮች መንገድ አሳየቻቸው፤ ድምፅዋ ለእኔ ስታሳየኝ ከነበረው አልተለወጠም። ዳኛው አንዴ አዩ፣ ቀና አሉ፣ ተመልሰው አዩ። ከዚያ «እዚህ ጋ ያልፋል» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

«እስከ ዛሬ የፈረሙባቸው ሌሎቹስ?»

«ሁሉም በሌላ ባለሙያ እንደ አዲስ እንዲታዩ ጠይቄያለሁ። ያ እስኪያልቅ እኔ አልፈርምም።»

ይህንን ለእኔም አልነገረችኝም ነበር። ዕድሜዋን የጨረሰችበትን ሥራ ሰው ሳይጠይቃት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ብዙ ጎበዝ ባለሙያ ፎቶ አንስቼለታለሁ፤ እንደዚያን ቀን በሰው የኮራሁበት ቀን ግን የለም።

ልብስ ሰፊው ተለቀቀ። ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ኮቱን ስታለብሰው ደረስንባቸው። ድጋሚን ስታያት እጇ እጅጌው ላይ ቀረ።

«እግዜር ይስጥልን፣ እትዬ» አላት ባልየው።

«አታመስግነኝ ወንድሜ። ያሳሰርኩህ እኔ ነኝ።»

«ሰምተናል» አለች ሚስቱ። «ሌሊቱን ሙሉ ማን እንደሆንሽ ሳላውቅ ስረግምሽ ነው ያደርኩት።»

«ልክ ነሽ።»

«ዛሬ ባትመጪ ማንም አይመጣም ነበር» አለችና የባሏን ኮሌታ ማስተካከል ጀመረች።

እሱ እጁን ዘረጋላት። ድጋሚ በሁለት እጇ ያዘችው። የሰው እጅ ስትይዝ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ሁልጊዜ ጣቱን ነው የምታየው። የዚያን ቀን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ይቅር በለኝ» አለችው።